እንቁላል ሸጦ ብስኩት መግዛት

በገበያ ቀን ጠዋት ከጎዛምን ቀበሌዎች ወደ ደብረ ማርቆስ በሚገባው ዘንቢል ውስጥ በጭድ መካከል የተደረደረ እንቁላል አለ። ከጎኑ ቅቤ አለ። ከኋላ በአህያ የተጫነ ስንዴ ይከተላል። ከሰዓት በኋላ ወደ ገጠር የሚመለሰው ዘንቢል ግን ሌላ ነገር ይዟል፦ ጨው፣ ሳሙና፣ ቡና፣ ዘይት፣ ከሥሩ ደግሞ ለልጆች የተገዛ አንድ ሁለት እሽግ ብስኩት።

እንቁላሉ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ብስኩቱ ወደ ገጠር ይሄዳል። በከተማው ውስጥም ነገሩ ብዙ አይለይም። ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጠው ልጅ እጅ ላይ ያለው ከሱቅ የተገዛ ብስኩት ወይም ምንም ያልነካው ደረቅ ዳቦ ነው። ከገጠር የመጣውን እንቁላል የሚበላው ካፌ ተቀምጦ «እንቁላል ሳንዱች» ብሎ ማዘዝ የሚችል ሰው ነው።

ስንዴ፣ ቅቤ፣ አሬራና እንቁላል የሚያመርት ደጋ ልጆቹን በብስኩት ቁርስ የሚያሳድግበት ምክንያት የለም። እነዚያው አራት ነገሮች ከገበያ በፊት በገዛ ቤታቸው ቢገናኙ ከካፌው ሳንዱች የማያንስ ቁርስ ይወጣቸዋል። የጎደለው እህል አይደለም። የጎደለው እንቁላሉን ማን ይብላው የሚለው ውሳኔ ነው።

ብስኩት ማለት ምን ማለት ነው?

በኢትዮጵያ «ብስኩት» ሲባል የሚታሰበው በፕላስቲክ የታሸገው፣ ጣፋጭና ተሰባሪ የሆነው ነገር ነው። በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ግን ቃሉ ሌላ ምግብ ይጠራል። እዚያ ብስኩት ማለት በእጅ መዳፍ ልክ የሆነ፣ ለስላሳ፣ ጨው ያለበት ትኩስ ዳቦ ነው። እርሾ አይገባበትም፤ ሌሊት ሲቦካ አያድርም። ጠዋት ተለውሶ ጠዋት ይጋገራል። ከዚያ ለሁለት ተከፍሎ በመካከሉ እንቁላል፣ ሥጋ ወይም አይብ ይገባበታል። የዛሬው «የብስኩት ሳንዱች» ይኸው ነው።

ይህ ምግብ የሆቴል ፈጠራ አልነበረም። የገበሬ ቤት ቁርስ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ቤኪንግ ሶዳ በየሱቁ መሸጥ ሲጀምር የገበሬ ሚስቶች አንድ ነገር አስተዋሉ፦ ቅቤ ከተናጠ በኋላ የሚቀረው ጎምዛዛ አሬራ ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ሊጡ ወዲያው ይነፋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የአሬራው አሲድ ከሶዳው ጋር ሲዋሃድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው አየር ይፈጠራል፤ አየሩ ሊጡን ከውስጥ ገፍቶ ያነሳዋል። ጊዜ የሌላት፣ ነገር ግን ላም፣ ዶሮና ዱቄት ያላት ሴት በሩብ ሰዓት ቁርስ ማድረስ ቻለች። የፈጣን ምግብ ድርጅቶች ይህን ቁርስ ወስደው ሰንሰለት የሠሩበት ከ100 ዓመት በላይ ቆይተው፣ በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አሁን ወደ ጎጃም ደጋ እንመለስ። ላም አለች። ዶሮ አለች። ስንዴ አለ። ቅቤ ተንጦ ሲሸጥ አሬራው ቤት ይቀራል። ያ የሩቅ አገር ገበሬ ቁርሱን የሠራበት ዕቃ ሁሉ በጎዛምን፣ በአነደድ፣ በአዋበልና በደብረ ኤልያስ ጓዳዎች ውስጥ አለ። የሌለው ሶዳው ብቻ ነው፤ እሱም ከየሱቁ ይገኛል።

ሐሳቡም ቢሆን እንግዳ አይደለም። አነባበሮ ስሙ ራሱ ይናገራል። አንዱ እንጀራ ወይም ቂጣ በሌላው ላይ ይነባበራል፤ በመካከሉና በላዩ ቅቤና በርበሬ ይቀባል፤ ተቆርጦ በእጅ ይበላል። ይህ ሳንዱች ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ችግሩ አነባበሮ የክት ምግብ ሆኖ መቅረቱ ነው። ለበዓል፣ ለዘመድ፣ ለመንገደኛ ይሠራል። ማክሰኞ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ለሚሄድ ልጅ ግን ብስኩት ይበቃዋል ተብሏል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው ነው።

ቁርስ እንዴት የአገር ጉዳይ ይሆናል?

የወቅታዊ ጉዳይ ተከታታይ «ጦርነትና የኑሮ ውድነት ባለበት አገር ስለ ቁርስ ሳንዱች ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ደግሞ በቁጥር አለ።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ይህ በዚያ ዓመት ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር፤ የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። በ2019 በተደረገው አነስተኛ ዳሰሳ የክልሉ ቁጥር ወደ 41 በመቶ ዝቅ ብሏል፤ አሁንም ከአገሪቱ አማካይ በላይ ነው። መቀንጨር ማለት ልጁ ለዕድሜው የሚገባውን ቁመት አላገኘም ማለት ነው። ከቁመቱ ጋር የሚቀረው ደግሞ በዓይን የማይታየው ነው፤ የአእምሮ ዕድገት፣ በሽታን የመቋቋም አቅም፣ የወደፊት ጉልበት።

የሚያስገርመው ይህ ቁጥር የተመዘገበው እህል በሌለበት ምድር አለመሆኑ ነው። ጎጃም ጤፉን፣ ስንዴውን፣ በቆሎውን ለአዲስ አበባ የሚልክ ምድር ነው። በጮቄ ተራራ ግርጌ ገብስና ድንች ይበቅላል። የአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል እንደ ዘንገናና ጓሳ ያሉ የድንች ዝርያዎችን ለዚሁ ደጋ አውጥቷል። ጎተራው ሙሉ ነው፤ ልጁ ግን አጭር ነው። ይህን እንቆቅልሽ በዝናብ ማነስ ማመካኘት አይቻልም።

እዚህ ላይ መታመን ያለበት ነገር አለ። መቀንጨር በዋናነት የሚከሰተው ከፅንስ እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። መነሻውም ብዙ ነው፦ የእናት ጤና፣ ንጹሕ ውሃ፣ ተቅማጥ፣ የወሊድ መራራቅ። ስለዚህ «ተማሪው እንቁላል ቢበላ መቀንጨር ይጠፋል» ማለት ማታለል ነው። በኢኳዶር የተደረገና በ2017 የታተመ ጥናት ከ6 እስከ 9 ወር ዕድሜ ላይ ላሉ ሕፃናት ለ6 ወራት በቀን 1 እንቁላል ሲሰጣቸው መቀንጨር በ47 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። በማላዊ ተመሳሳይ ጥናት ሲደረግ ግን ያ ውጤት አልተደገመም፤ እዚያ ያሉት ሕፃናት ቀድሞውንም ዓሣ ይመገቡ ነበር። ከሁለቱ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። እንቁላል ተአምር አይሠራም፤ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ በማይደርስበት ቤት ግን ትልቅ ነገር ነው።

የጎጃም ገጠር ቤት ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ቤት ነው። የ8 ዓመቱን ልጅ እንቁላል የሚነፍገው ልማድ የ1 ዓመቷን ሕፃንና ነፍሰ ጡሯን እናትም የሚነፍገው ያው ልማድ ነው። አንዱ ከተለወጠ ሌላው መለወጡ አይቀርም። ቁርስ የሚነሣው ለዚህ ነው።

እንቁላሉ ለምን ይሸጣል?

«ገበሬው አላወቀም» የሚለው መልስ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ሴትየዋ የምታደርገውን ታውቃለች።

በደጋው ቤት እህሉ የአባወራው ነው፤ ሲሸጥ ገንዘቡን የሚቆጣጠረው እሱ ነው። እንቁላልና ቅቤ የእናትየዋ ናቸው። ጨው ሲያልቅ፣ የልጅ ደብተር ሲያስፈልግ፣ የዕድርና የማኅበር መዋጮ ሲደርስ እጇን የምትሰደው ወደ እንቁላሉ ነው። ዶሮዋ ባንኳ ናት። እንግዲህ ለዚህች ሴት «እንቁላሉን ለልጆችሽ አብሊ» ማለት «ያለችሽን አንዲት ገንዘብ ተዪ» ማለት ነው። ይህን ሳይረዳ የሚሰጥ የአመጋገብ ትምህርት ሁሉ ጆሮ ላይ ደርሶ ይመለሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ክብር ነው። ከሱቅ የተገዛ ነገር የሥልጣኔ ምልክት ሆኗል። ብስኩት ይዞ የመጣ አባት ልጁን የወደደ አባት ነው። ቂጣ ይዞ ትምህርት ቤት የሄደ ልጅ ግን በጓደኞቹ ፊት ያፍራል። የብስኩቱን ማሸጊያ ገልብጦ ላነበበው መጀመሪያ ላይ የተጻፉት ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት ናቸው። ይህ ነገር ልጁን ለአንድ ሰዓት ያነቃዋል፤ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ደግሞ ያንቀላፋዋል። አንድ እንቁላል ግን እንደ መጠኑ 5 እና 6 ግራም የሚሆን ጥሩ ፕሮቲን ይዟል፤ ያውም ሰውነት በሚገባ የሚጠቀምበት ፕሮቲን።

ሦስተኛው ዱቄቱ ነው። ፋብሪካ ከ100 ኪሎ ስንዴ ከ70 እስከ 80 ኪሎ የሚሆን ነጭ ዱቄት ያወጣል። የቀረው ፉርሽካ ሆኖ ለከብት ይሸጣል። የስንዴው ብረት፣ ዚንክ፣ ቢ ቫይታሚኖችና አሰር በብዛት ያሉት ደግሞ በዚያው በሚጣለው ገለባና በፍሬው እምብርት ውስጥ ነው። ገበሬው ስንዴውን ሸጦ ነጩን ዳቦ ሲገዛ ጥሩውን ክፍል ለበሬው፣ የቀረውን ለልጁ ገዛ ማለት ነው። በሰፈር ወፍጮ የተፈጨ የቤት ዱቄት ቢጠቁርም ሙሉ ነው።

ሩቅ ያለ ነገር ሲናጋ

የተገዛ ቁርስ ሌላም ድክመት አለው፤ መንገድና ምንዛሪ ይፈልጋል።

በየካቲት 2014 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር የስንዴና የምግብ ዘይት ዋጋ በዓለም ዙሪያ ናረ። በየካቲት 2015 መንግሥት ኢትዮጵያ ስንዴ ወደ ውጭ መላክ ጀመረች ብሎ አበሠረ፤ የዳቦ ዋጋ ግን በዚያ ምክንያት አልወረደም። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲመራ ሲወሰን 1 ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ዘይትም፣ ስኳርም፣ ማሸጊያም ከውጭ በሚመጣበት አገር የዚህ ነገር መጨረሻ የሚታየው በሰፈር ሱቅ መደርደሪያ ላይ ነው። እሽጉ እየቀለለ፣ ዋጋው እየከበደ ይሄዳል።

ለጎጃም ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ መንገዱ አለ። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በመካከል የዓባይ በረሃ አለ። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ይህ መንገድ በተደጋጋሚ ተዘግቷል። መንገድ ሲዘጋ ከመሃል አገር የሚመጣው ሁሉ ይወደዳል ወይም ይጠፋል። ገበሬውም ወደ ከተማ መውጣት ስለሚፈራ እንቁላሉ ገዢ ያጣል። በዚህ ሰዓት በገዛ ጓዳው ካለው ነገር ቁርስ መሥራት የሚችል ቤት ይተርፋል፤ ልጆቹን ሱቅ ላይ ያስለመደ ቤት ይቸገራል። የቤት ቁርስ ናፍቆት ወይም የባህል ጌጥ አይደለም፤ መጠባበቂያ ነው።

እንዴት ይሠራል?

የሚያስፈራ ነገር የለውም። በሻይ ብርጭቆ 2 ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይደባለቃል። ሶዳ ከሌለ 2 የሻይ ማንኪያ ያልሞላ ቤኪንግ ፓውደር ይተካዋል። 3 የሾርባ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ይጨመርና ዱቄቱ እንደ ፍርፋሪ እስኪሆን በጣት ይታሻል። ከዚያ ብርጭቆ ሊሞላ ጥቂት የቀረው አሬራ ቀስ እየተባለ ይፈስበታል። ሊጡ እንደተያያዘ መተው ነው። እንደ ዳቦ ሊጥ ብዙ ከታሸ ይደርቃል፤ ምስጢሩ ሁሉ አለማሸቱ ላይ ነው።

በአንድ ጣት ውፍረት ተዳምጦ በብርጭቆ አፍ ይቆረጣል። በሰሳ እሳት ላይ ባለ ምጣድ ተደርድሮ አክንባሎ ይከደንበታል። በአንዱ ጎን 7 ወይም 8 ደቂቃ፣ ተገልብጦ እንዲሁ ያህል። ከ5 እስከ 6 ፍሬ ይወጣዋል። ለሁለት ተከፍሎ በሽንኩርትና በቃሪያ የተጠበሰ እንቁላል፣ ካለም ጥቂት አይብና ጎመን በመካከሉ ይደረጋል። በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል።

ደጋ ስለሆነ ሁለት ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ሊጥ ቶሎ ይነፋል፤ ስለዚህ ሶዳውና ቤኪንግ ፓውደሩ በእሽጉ ላይ ከተጻፈው ትንሽ ይቀነስ። ውሃም የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ቅቅል እንቁላል የሚፈልግ ሰው ጥቂት ደቂቃ ይጨምር።

ጾም ሲሆንስ? በዓመት ከ180 ቀናት በላይ በሚጾምበት ምድር ይህን ያልመለሰ የቁርስ ምክር ምክር አይባልም። በቅቤው ቦታ ዘይት ይገባል። በአሬራው ቦታ ከእንጀራ ሊጥ ላይ የሚቀዳው እርሾ በውሃ ቀጥኖ ይገባል፤ እሱም ጎምዛዛ ስለሆነ ሶዳውን ያሠራዋል። በመካከሉ በእርድና በሽንኩርት የተሠራ ድንች፣ ወፈር ያለ ሽሮ፣ የተፈጨ ባቄላ ወይም ተልባ ይደረጋል። ከድንቹ ይልቅ ባቄላውና ሽሮው ፕሮቲን ስላላቸው ቢበዙ ይመረጣል። ሌላም መነገር ያለበት አለ፦ ቤተ ክርስቲያን ከ7 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን በጾም አታስገድድም። በብዙ ቤት ግን ዕቃው እንዳይነካካ ተብሎ በጾም ወቅት የፍስክ ምግብ ጨርሶ አይሠራም፤ ሕፃናቱም አብረው ይጾማሉ። ለሕፃን ብቻ የተለየች አንዲት ድስትና አንዲት ማንኪያ ይህን ይፈታሉ።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። የገጠር እናት ከዶሮ ጩኸት ጀምሮ ላም ስታልብ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ በረት ስትጠርግ ነው የሚነጋባት። በዚህ ላይ «ሳንዱች ጋግሪ» ማለት ግፍ አይሆንም? ይሆናል፤ ሥራው የእሷ ብቻ ሆኖ ከቀረ። ነገር ግን እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ምጣዱ ግሎ ሳለ የሁለት ቀን ቢጋገር ተጨማሪ ማገዶ አይፈልግም ማለት ይቻላል፤ የደጋው ቅዝቃዜም አያበላሸውም። ጠዋት የሚቀረው እንቁላሉን መጥበስ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ የ12 ዓመት ልጅ ይችላል፤ ወንድ ልጅም ይችላል።

«ወንድ ማጀት አይገባም» የሚል ካለ ከገጠር መጥተው በደብረ ማርቆስ፣ በቢቸናና በደጀን ቤት ተከራይተው የሚማሩትን ወንድ ተማሪዎች ይመልከት። ቤተሰብ በየሳምንቱ የሚልክላቸውን ስንቅ እየቆጠቡ፣ ወጣቸውን ራሳቸው እየሠሩ ነው የሚማሩት። ማጀት መግባት ለእነሱ ነውር ሳይሆን ትምህርት የመጨረስ መንገድ ነው። ከስንቁ ጋር ጥቂት የስንዴ ዱቄትና 5 ወይም 6 እንቁላል ቢላክላቸው በደረቅ እንጀራና በባዶ ሻይ የሚያልፈው ጠዋት ይለወጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ገንዘብ ነው። እንቁላሉ ከተበላ ጨው በምን ይገዛል? እዚህ ላይ ሁሉን ወይም ምንም ማለት አያስፈልግም። ዶሮዋ ከጣለችው 3 እንቁላል 1 ለቤት ቢቀር በቂ ጅምር ነው። ለብስኩት የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ከዚያው ላይ ይመለሳል። ከዚህ በላይ ግን ውሳኔው የአባወራው ነው። የጨውና የሳሙና ገንዘብ ከእህል ሽያጭ ላይ ይነሣ። አባት ከስንዴው ላይ ለቤት ወጪ ከቆረጠ እናት እንቁላሏን ለልጆቿ ለማብላት ነፃ ትሆናለች። በብዙ ቤት የልጆቹን ቁርስ የሚወስነው ወጥ ቤቱ ሳይሆን እህሉ ሲሸጥ በአባት ኪስ የሚገባው ገንዘብ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደው ነው፤ ዶሮም፣ ላምም፣ ትርፍ ስንዴም የሌላቸው ቤቶች አሉ። ለእነሱ ይህ ምክር ብቻውን ስድብ ነው። የእነሱ መልስ የትምህርት ቤት ምገባ ነው። አዲስ አበባ ከ2012 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ልጆችን ቁርስና ምሳ ማብላት ይቻላል ብላ አሳይታለች። ስንዴ የሚያመርት ዞን ይህን ለማድረግ ከዋና ከተማዋ የሚቀርበት ነገር ቢኖር በጀትና ሰላም እንጂ ጥሬ ዕቃ አይደለም።

ምን ይደረግ?

በ2015 የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የእንቁላል፣ የወተትና የማር ምርትን ለማሳደግ የታሰበ ነው። ስሙ ጥሩ ነው፤ ሌማት የሚበላበት ነውና። ሪፖርቱ ላይ ግን የሚቆጠረው የተሠራጨ ጫጩትና የተመረተ እንቁላል ነው። ወደ ሌማቱ የደረሰው ስንት ነው? ልጆቹ የበሉት ስንት ነው? ምርት በእጥፍ አድጎ እንቁላሉ ሁሉ ገበያ ከወጣ ነጋዴው ተጠቅሟል፣ እናትየዋም ጥቂት ብር አግኝታለች፤ የልጁ ሳህን ግን እንደ ባዶ ነው። የተበላውን የማይቆጥር መርሐ ግብር ለተበላው አይጨነቅም።

የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2007 ሲፈረም ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት መቀንጨርን እስከ 2022 ለማጥፋት ነበር የታቀደው። የቀረው ጊዜ አጭር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው የገንፎ አሠራር ያሳያሉ። ያ ትምህርት እናቶችን ብቻ ሰብስቦ ከሚቀር አባቶችም ቢጠሩበት፣ ከገንፎውም ጎን ከ2 ዓመት በላይ ላሉት ልጆች የሚሆን የቤት ቁርስ ቢታይበት ወጪው ኢምንት ነው። አባት ባልተገኘበት ስብሰባ ስለ እንቁላል መወሰን ቁልፉ ሳይኖር በር እንደመግፋት ነው።

ትምህርት ቤቶችም ድርሻ አላቸው። በቅጥር ግቢያቸውና በበራቸው ላይ ምን እንደሚሸጥ መወሰን ይችላሉ። ብስኩትና ከረሜላ ብቻ ከሚሸጥበት የሰፈር እናቶች ቂጣ በእንቁላል፣ ቅቅል ድንች፣ የባቄላ ንፍሮ እንዲሸጡ ቢፈቀድ ለልጁም፣ ለሻጯም፣ ለአካባቢው ገበሬም ይጠቅማል። መምህሩም በክፍል ውስጥ የራሱን የቤት ቁርስ ይዞ ቢታይ ቂጣ የያዘው ልጅ አንገቱን አይደፋም። የክብር ጉዳይ የሚፈታው በስብከት ሳይሆን በምሳሌ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ነገሩ በየቤቱ ነው። ለዚህ የመንግሥት መመሪያ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሰላም እስኪወርድ፣ መንገድ እስኪከፈት፣ ምንዛሪ እስኪረጋጋ መጠበቅም አያስፈልግም። ልጅ ግን አይጠብቅም፤ ዛሬ ያላደገው ቁመት በሚቀጥለው ዓመት በጥሩ ምርት አይካካስም። የጎጃም ደጋ ለሌላው ሲመግብ የኖረ ምድር ነው። ከሚልከው ስንዴ ጥቂት ብርጭቆ፣ ከሚሸጠው እንቁላል ከሦስት አንዱን ለገዛ ልጆቹ ማስቀረት መብቱ ብቻ ሳይሆን ግዴታው ነው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ዘንቢሉ ከመጫኑ በፊት የልጆቹ ድርሻ ተቆጥሮ ይቀመጥ፤ የቀረው ይሸጥ።